ለእንግዳ የሚበራው መብራት

ስርጉት ይመር አርባ ሦስት ፍሬ የበርበሬ ዘር ነበራት። በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ፣ መሐረቡን ጣሳ ውስጥ ከትታ፣ ጣሳውን ከራስጌዋ አኑራዋለች። ወርቅ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም ትሉ ይሆናል። ወርቅማ በዚህ አገር ምን ጠፍቶ! የአቶ ይመር በርበሬ ግን ከዚያች ጣሳ በቀር የትም የለም።

አቶ ይመር አባቷ ናቸው። በደርግ ጊዜ ከወሎ አስነስተው፣ በመኪና ጭነው አሶሳ ሲያራግፏቸው በአንድ እጃቸው ስርጉትን ይዘው፣ በሌላው አንድ እፍኝ ዘር ጨብጠው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ዘሩ፣ መርጠው ለቀሙ፣ ሲሞቱም ለልጃቸው ተዉላት። ቀጭን፣ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ አፍ ውስጥ ዘግይቶ የሚያቃጥል በርበሬ ነው። አምና ታዲያ ክረምቱ ጨከነ። መደቡ ላይ ውሃ ተኛ፣ ሥሩ በሰበሰ፣ እስከ መስከረም የዘለቀችው አንዲት እግር ብቻ ሆነች። አርባ ሦስቱ ዘር የተገኘው ከእሷ ነው። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ አለቀ፤ ከገበያ የሚገዛ ምትክ የለውም።

በዚህ ጭንቅ መሀል ነው ድንኳኑ የመጣው።

ስርጉት አባል ለሆነችበት የአትክልት አምራቾች ማኅበር አንድ ድርጅት የላከው ስጦታ ነው። ቁም ሳጥን ያህላል። ውጪው ጥቁር፣ ውስጡ እንደ ብስኩት መጠቅለያ የሚያብለጨልጭ፣ በዚፕ የሚዘጋ። ቤት ውስጥ ተተክሎ፣ ከላይ መብራት ተሰቅሎለት፣ ችግኝ ዝናብና ተባይ ሳይነካው ያድግበታል አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ከሙቀት ብዛት በሚንጣጣበት አሶሳ፣ ችግኙን ከፀሐይ ደብቀው ፀሐይ ሊገዙለት! ስርጉትም መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በኋላ ግን የበሰበሰው መደብ ትዝ አላት። ከዝናቡ ከተረፈልኝ ምን ቸገረኝ አለችና አርባ ሦስቱንም ለድንኳኑ ሰጠች። አንዲት እንኳ ለክፉ ቀን አላስቀረችም፤ ያንን ጊዜ ባሰበች ቁጥር ራሷን በጥፊ መምታት ያምራታል።

ድንኳኑ መብራት አልነበረውም። መብራቱን ራሳችሁ ምረጡ ይላል አብሮት የመጣው ደብዳቤ። ምረጡ የተባለ ነገር ደግሞ ያለ ኮሚቴ አይመረጥም።

ሰብሳቢው የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ምንይሉ ነው። አቶ ምንይሉ መሬት ቆፍሮ አያውቅም፤ ስብሰባ መክፈትና መዝጋት ግን ይችልበታል። አምስት ሰው ሰየመ፤ ስርጉትን በባለ ዘርነቷ፣ ጸሐፊዋን ሰሎሜን በጥሩ ስልኳ ጨመረ። የመመዘኛ ነጥብም ከመቶ አወጣ። ለውበት ሠላሳ፣ ለክብደት ሠላሳ፣ ለድምቀት አርባ። ለተክሉ ስንት ተሰጠ? ባዶ!

ጣሀ ሦስት መብራት ይዞ መጣ። ጣሀ ከባጃጅ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ የበርታ ሰው ነው። በአማርኛ ሲያወራ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ዕቃ ግን ከማንም አብልጦ ይለያል።

«አንተ ስርጉት፣ ስማኝ» አላት መብራቶቹን ጠረጴዛ ላይ እየደረደረ። «ይሄ ፓውዛ ነው። ግቢ ያበራል፣ ሌባ ያባርራል፣ ችግኝ አያሳድግም። ይሄ ሐምራዊው ጥሩ ነው። ይሄ ነጩ ጠፍጣፋ ደግሞ ከሁሉም ጥሩ ነው፣ ወላሂ። ካርቶን ላይ ሺህ ዋት ተጽፏል፣ እሱን ተው፣ ውሸት ነው። እኔ ሶኬት ላይ ለካሁት፣ መቶ ብቻ ይስባል። ለዚህ ድንኳን መቶ ይበቃል። ከችግኙ በላይ ሁለት ስንዝር ስቀለው፣ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት አብራው። ኸላስ!»

«አመሰግናለሁ፤ ኮሚቴው ያየዋል» አለ አቶ ምንይሉ።

ኮሚቴው አየው። በየተራ መብራቶቹን በእጃቸው አነሱ፣ መዘኑ፣ ከፍ ዝቅ አደረጉ። ፓውዛው በክብደት አንደኛ ወጣ። ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው አለ አንዱ፤ የቀሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ስርጉት በሆዷ እመብርሃንን ተጣራች። ቀጥሎ የድምቀት ፈተና መጣ። አቶ ምንይሉ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ መብራቱ በየተራ በራበት፤ ሰሎሜ ፎቶ አነሳችው። ሐምራዊው ሲበራ የሰውየው ፊት ከወንዝ የወጣ ሬሳ መሰለ።

«ኧረ በማርያም! ይሄንን አጥፉት!» አለ ፎቶውን ሲያይ። «እንግዳ መጥቶ ከእኛ ጋር ፎቶ ሲነሳ ይሄን ሊመስል ነው?»

ፓውዛው ደግሞ ዓይኑን አስጨፈነው። ነጩ ጠፍጣፋ ሲበራ ግን የአቶ ምንይሉ ግንባር ወዛ፣ ጥርሱ ነጣ፣ ኮቱ አዲስ መሰለ። «ይሄ ፊት ያወጣል» አለ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስርጉት ተገላገለች። ሲመርጡ በርበሬው ማንንም ትዝ ባይለውም፣ የተመረጠው ለበርበሬው የሚሆነው ነበርና ደስ አላት። ደስታዋ ግን ሳምንት እንኳ አልቆየም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ማኅበሩ ቢሮ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ዘሯን በየፕላስቲኩ አፈር ላይ አንድ በአንድ ዘራች። ሠላሳ ስምንቱ በቀሉ። ሠላሳ ስምንት! ጎንበስ ብላ አፈሩን ሳመችው። ብቅ ባሉ ማግስት መብራቱ ይብራልኝ ስትል ታዲያ አቶ ምንይሉ ካርቶኑን አምጥቶ አሳያት።

«እታለም፣ እዚህ ላይ ምን ይላል? ሃምሳ ሺህ ሰዓት ይላል። ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። በከንቱ ካበራነው እንደ ስልክ ካርድ ያልቅብናል። ሰኔ አጋማሽ ላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ያን ቀን ይበራል።»

«ሊቀመንበር፣ ችግኙኮ እስከዚያ አይጠብቅም!»

«ለምን አይጠብቅም? ውሃ እያጠጣሽው?»

ስርጉት በባጃጅ ከንፋ ጣሀን ይዛው መጣች። ጣሀ ቆሞ በጣቱ አሰላ። በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ቢበራ ከስምንት ዓመት በላይ ይቆያል፣ ወላሂ፣ ድንኳኑ ቀድሞት ያረጃል አለ። አቶ ምንይሉ በትዕግሥት ሰማው። ሲጨርስ የድንኳኑን ሁለት ዚፖች ገጥሞ በሻንጣ ቁልፍ ቆለፋቸው። መብራቱ ላይ ከፋብሪካው የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክ እንኳ አልላጠም፤ እንዳይቆሽሽ ነው። ቤቱ ያለው ሪሞት በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሶፋው በአንሶላ እንደተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መብራት ለበርበሬ ያበራልኛል ብላ ያሰበችው ራሷ ስርጉት ናት ጥፋተኛዋ።

ውሃ የምታጠጣው ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከግርጌ ባለች የአየር መግቢያ በኩል ነበር። በወንፊት ጨርቅ ተሸፍና በክር የምትታሰር፣ ክንድ ከነውሃ ጣሳው የምታሳልፍ ቀዳዳ ናት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በእሷ አጮልቃ አየች። ችግኞቹ እንደ ክር ቀጥነው፣ ነጥተው፣ ያቺ ቀዳዳ ወደምታስገባት ጭላንጭል አንገታቸውን አስግገዋል። ሃያ ሰባቱ ተኝተዋል። የቆሙት አሥራ አንድ ናቸው።

አላለቀሰችም። ደሟ ፈላ እንጂ። አባቷ በረሃብ ዘመን ያልበሉትን ዘር፣ አንድ መብራት ይቆጠብልኝ ባይ ሊጨርስባት! ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ክንዷን በቀዳዳዋ ሰደደች። የሞቱትን ለቅማ ጣለች። አሥራ አንዱን ከነፕላስቲካቸው አንድ በአንድ አውጥታ፣ ሳፋ ላይ ደርድራ፣ በነጠላዋ ሸፍና በባጃጅ ቤቷ ገባች። እስከ አንገታቸው ድረስ አፈር አለበሰቻቸው። መጀመሪያ ማንጎው ጥላ ሥር፣ ከዚያ ለጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ ለሙሉ ቀን አወጣቻቸው። ዝናብ ሲመጣ እየሮጠች በረንዳ አስገባቻቸው፤ ሲያባራ እየሮጠች አወጣቻቸው። ጎረቤቶቿ ሴትዮዋ ምን ነካት አሉ። ነካኝ አለች።

ድንኳኑ ባዶውን፣ ተቆልፎ፣ በክብር ተቀመጠ። ማንም አልከፈተውም።

እንግዶቹ የሚመጡ ዕለት ጠዋት ስርጉት ነውር ፈራች። ባዶ ድንኳን ለእንግዳ ይታያል? አጥሯ ሥር አውጥ በሽበሽ ነው፤ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ ልጆች ጥቁር ፍሬውን እየለቀሙ አፋቸውን የሚያጠቁሩበት አረም። ቅጠሉ ለማያውቅ ሰው በርበሬ ይመስላል። ሃያ እግር ነቅላ በየፕላስቲኩ ተከለችና በዚያችው ቀዳዳ አስገባቻቸው። የአትክልት አምራቾች ሊቀመንበር አውጥና በርበሬ ከለየ እዚያው ታፍራለች፤ ካልለየ እሱ ይፈር።

አልለየም።

ሦስት እንግዶች በነጭ መኪና መጡ። ዚፑ ላይ ሪባን ታስሮ ተቆረጠ። መብራቱ ከነፕላስቲኩ ቦግ አለ፤ አውጡ ለምለም አረንጓዴ ሆኖ ታየ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ ምንይሉ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቀንም ሌትም አጥፍተነው አናውቅም» አለ። እንግዶቹ በርበሬን የሚያውቁት ሳህን ላይ ነው መሰለኝ፣ እየተደነቁ ድንኳኑን ከነአቶ ምንይሉ አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ወሰዱት። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ደግሞ የድርጅቱ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ለጎብኚ አስቀመጡት፤ አቶ ምንይሉም አብሮት ተቀመጠ። እዚያ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ነው። ስለዚህ መብራቱ ቀኑን ሙሉ በራ፤ በመጨረሻ ሥራውን ሠራ፣ ለአረም! ነሐሴ ላይ አቶ ምንይሉ ደወለ። «እታለም፣ ነጭ አበባ አወጣልሽ!» አላት። ስርጉት ስልኩን ዘግታ እስኪያማት ሳቀች።

ጥቅምት ላይ ድንኳኑንና መብራቱን ይዞ ተመልሶ አባላቱን በሙሉ አዳራሽ ሰበሰበ። የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ የተከተተ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ የሆነ ሰርተፍኬት ከፍ አድርጎ አሳየ።

«መብራታችን ተአምር ሠርቷል! በርበሬው ጥቁር፣ ክብ ፍሬ አፈራ። በዓለም የሌለ አዲስ ዝርያ ነው ተባለ። ስም አውጡለት ሲሉኝ ደግሞ የማንን ስም ልስጥ? የአቶ ይመርን ሰጠሁ። ዝርያው ከዛሬ ጀምሮ ‹ይመር አንድ› ይባላል!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የስርጉት ሳቅ ቆመ። በአጥር ሥር የሚበቅል አረም በአባቷ ስም ተጠርቶ! ዝም ልትል ነበር አመጣጧ፤ ዘሯን አትርፋለች፣ ሌላው ምን ገዷት? ግን ይመር ሲባል ተኝታ አትሰማም። ተነሳች።

«አውጥ ነው» አለች። «የተከልኩት እኔ ነኝ። የአባቴ በርበሬ በጨለማ ሲያልቅ የተረፈውን አውጥቼ ቤቴ ወሰድኩት፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው አውጥ ነው። የአባቴን ስም አንሱልኝ!»

እልልታው ቀጥ አለ። አቶ ምንይሉ ፈገግታውን ሳያጠፋ ከመድረኩ ወረደ፣ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«አውቄያለሁ» አላት በሹክሹክታ። «ስመለስ መንገድ ላይ፣ ባምባሲ፣ ፍሬውን ቀመስኩት። አውጥ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰርተፍኬቱ ታትሟል፣ እታለም። ማኅተም አርፎበታል። አሁን ማን ሊያፈርሰው?»

ሰርተፍኬቱን እጇ ላይ አኖረላትና ወደ መድረኩ ተመለሰ። እት ስርጉት በደስታ ብዛት ተረብሻለች አለ፤ አዳራሹም አጨበጨበላት። መብራቱ ወደ ካርቶኑ ተመልሶ ለሚቀጥለው እንግዳ ተቀመጠ፤ ፕላስቲኩ ዛሬም አልተላጠም።

ስርጉት ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። በረንዳው ላይ የአሥራ አንዱ እግር በርበሬ ቀልቶ ተሰጥቷል፤ ዘሩ ሦስት ጣሳ ወጥቶታል። አሁን አለቀሰች፣ ያውም እየተንሰቀሰቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና መቀስ አመጣች። ሰርተፍኬቱን ከመያዣው መዝዛ ከጽሑፉ «ይመር» የምትለዋን ቃል ብቻ ቆርጣ አወጣች፤ «አንድ» የምትለዋን ተወቻት። የፕላስቲክ መያዣውን አራገፈች፣ ከደረቀው ዘር ሞላችበት፣ የአባቷን ስም ከላይ አድርጋ አፉን በሻማ እሳት አጣበቀችው። የቀረው ወረቀት ከነማኅተሙ ለማታ እራት ምድጃውን አቀጣጠለ።