በር ላይ የሚረዝም ስንብት

አበባውን ገበታው መሀል ማስቀመጤ ስህተት መሆኑን ያወቅሁት እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ማስቀመጫው ረጅም ነበር። ልጄ ከወዲያ፣ የሥራ ጓደኞቿ ከወዲህ ሆነው አንገታቸውን ሲያሰግጉ አየሁና ሾርባው አርሮ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ረጅሟ ልጅ፣ ብድግ አለችና አበባውን ከነማስቀመጫው መስኮቱ ሥር አኖረችው። ወዲያው የሁሉም እጅ ተፈታ። ለካ አንዱ የሌላውን እጅ ማየት አልቻለም ነበር። መስማት የተሳናት ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት አሳድጌ ይህ አልታየኝም።

የልጄን ጆሮ የወሰደው የሕፃንነት ትኩሳት ነው። እሷና እኔ የምንግባባው ራሳችን በፈጠርነው የቤት ምልክት ነበር፤ እጅ ወደ አፍ ከሄደ ብዪ፣ ጉንጭ መዳፍ ላይ ካረፈ ተኚ። ከዚያ ያለፈውን ታናሽ እህቷ ታስተረጉምልን ነበር። እሷ የምልክት ቋንቋውን ከእህቷና ከእህቷ የትምህርት ቤት ጓደኞች ጋር ስትጫወት ነው የለቀመችው። ታናሺቱ አግብታ ሩቅ ከሄደች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የቀረው ብዪና ተኚ ብቻ ነው። ልጄ ከስፌት ቤት ስትመለስ ፊቷ በወሬ ተሞልቶ አያለሁ። ወሬውን የሚቀበላት ግን የለም።

እንግዶቹን የጠራሁበት ምክንያት ነበረኝ። ጓደኞቿ በጋራ በተከራዩት ቤት አንድ ክፍል ተለቋል፤ ነይ ብለዋታል። ትሄጂ እንደሆነ ብዬ በእጄም በአፌም ብጠይቃት፣ መልሱ ለእኛ ምልክት በዝቶባት ትከሻዋን ነቅንቃ ተወችኝ። ስለዚህ አብሯቸው የሚሠራውን ጨርቅ ቆራጭ መጥቶ እንዲያስተረጉምልን ለመንኩት። እሱ ይሰማል። እናትና አባቱ ግን መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ አፉን የፈታው በእጁ ነው።

"ንገራት" አልኩት። "ሌባ ቢመጣስ በላት። እሳት ቢነሳስ በላት። በር ተሰብሮ ቢገባ ማናችሁ ትሰማላችሁ በላት።"

"እማማ፣ እሷን እያዩ ያዋሯት። እኔን እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ።"

"እንዴት ነው የማትኖረው? ይኸው ሳህንህ ሞልቶ።"

"ሞልቶ የቀረው ለዚያ ነው። እጄ ወይ ያወራል ወይ ይበላል። ዛሬ በእርስዎ ምክንያት ጦሜን ማደሬ ነው።"

ይህንንም ተረጎመላቸው፤ ገበታው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ወደ ልጄ ዞሬ ሌባውንና እሳቱን እንደገና ቆጠርኩላት። ረጅሟ ልጅ ግን ቀደመቻት፤ ግንባሯን ቋጥራ እጆቿን ወደ እኔ ሰነዘረች።

"ምነው፣ አስቀየምኳት?"

"ኧረ እየጠየቀችዎት ነው። ሲጠይቁ ፊታቸው እንዲህ ይሆናል።" ከዚያ እሷን ሆኖ ቀጠለ፦ "የእኛ በር ደወል ሲነካ በየክፍሉ መብራት ብልጭ ይላል። ጭስ ቢነሳም እንደዚያው። እዚህ ቤት ሰው ሲመጣ ልጅዎ በምን ታውቃለች?"

እዚህ ቤት በሩ ሲንኳኳ የምሰማው እኔ፣ የምከፍተውም እኔ ነኝ። እሷ እንግዳ መምጣቱን የምታውቀው ፊቷ ሲቆም ነው። እኔ ገበያ ስሄድ ደግሞ ሰው አንኳኩቶ ይመለሳል፤ እሷ ውስጥ ተቀምጣ።

ያሰብኩትን ሁሉ ትቼ ልጄን ብቻ አየኋት። "ትሄጃለሽ?"

እጆቿ ቀስ ብለው ተነሱ። ቆራጩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሄዳለሁ፣ እማ። ማታ ማታ የማወራው ሰው ናፈቀኝ።"

በጎርናና የወንድ ድምፅ እማ ተባልኩ፤ ሆዴ ግን ድምፁን አልለየም።

"እኔንም ናፍቆኛል" አልኳት።

"እንግዲያው እሁድ እሁድ ነይ፤ አስተምርሻለሁ። ጣትሽ ግን እንደ ሽቦ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይገባሽም።"

"ይህን አንተ ነህ የጨመርከው" አልኩት ቆራጩን።

"እኔ የለሁም አላልኩም?"

ከበሉ በኋላ ልብሳቸውን ደርበው ተነሱ። መነሳት ብቻ ነው እንጂ መሄድ የለም። ይሰነባበታሉ፣ አንዱ ደረጃው ላይ ትዝ ብሎት ይመለሳል፣ እንደገና ክብ ሠርተው ይቆማሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ምን ሆነው ነው? የጎደለባቸው ነገር አለ?"

"የእኛ ሰው ስንብት ከግብዣው ይረዝማል፣ እማማ። ድሮ ስልክ ለእነሱ ምን ያደርግላቸው ነበር? አንዴ ከተለያዩ መቼ እንደሚገናኙ አያውቁም ነበር። እኔ ያደግሁት እናቴ እግር ሥር፣ የሰው በር ላይ ተኝቼ ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ብርድ ገባ፣ ሌባ ገባ እያልኩ እገፋቸው ነበር። አሁን ግን ግድግዳውን ተደግፌ አየኋቸው። ልጄ አምፖሉ ሥር ቆማ የሆነ ነገር ታወራለች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች፤ እነሱም ይስቃሉ። የሳቀችበትን ባላውቅም እንዲያልቅባት አልፈለግሁም።

በመጨረሻ ወረዱ። ልጄ ስትዞር መዳፌን ገልብጬ ነቀነቅሁላት፤ ምን ነበር? ለማለት። ገርሟት አየችኝና ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጋ ጀመረች። መቀስ። ጨርቅ። አንድ ቦርጫም ሰውዬ። ከዚያ ጠፋኝ። እንደገና አልኳት። ከመቀሱ ጀመረች፤ አሁንም ሰውዬው ላይ ስደርስ ጠፋኝ። ክንዴን መታ መታ አድርጋ፣ ሰውዬው ለነገ ይቆይ በሚል ሁኔታ ሳቀች።

ነገ ገና እዚህ ናት። በሩን ገጠምኩና ቁልፉን አዞርኩት፤ ሁለታችንም ከውስጥ ነበርን።