ባለ አራት ማዕዘኑ ኩበት

ዶክተር ይሥሐቅ የአፈር ጡብ ሊያስተምር ወደ መንዝ የመጣ ጊዜ፣ የሞላሌ ዙሪያ ሰው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አገሩ ድንጋይ ነው። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ በረቱም ድንጋይ፤ ሲያርሱት እንኳ ከገብሱ ድንጋዩ ይበዛል። ዶክተሩ ግን አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ለውሶ፣ ረጅም እጀታ ባለው የብረት መጭመቂያ እየጨመቀ ጡብ አወጣ። በጡቡም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ አንዲት ማሳያ ቤት አቆመና ሕዝቡን ሰበሰበ።

«ይህ ጡብ አይተኮስም፣ እሳት አይፈልግም። ካርቦን ይቀንሳል!» አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ዳኜ ደነገጠ። «ዶክተር፣ ካርቦኗስ አትቀነስብን። ደብዳቤ የምንገለብጥባት አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት ያለችን።»

ዶክተሩ ስለ ጭስና ስለ አየር ረጅም ማብራሪያ ሰጠ፤ ተጨበጨበለት። ሲሄድ መጭመቂያውን ለቀበሌው ትቶ «ተጠቀሙበት» አለ።

ኮከቤ ፈንታ ያን ቀን ቤቱን አላየችም፤ ያየችው መጭመቂያውን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎጆዋን ብቻዋን የምታቀና ሴት ናት። እንጨት በሌለበት አገር ማገዶው ኩበት ነው፤ በኅዳር ውርጭ እበትና ገለባ በባዶ እጅ መጠፍጠፍ ደግሞ ጣትን ያቆራምዳል። መጭመቂያው አምስት ወር ሙሉ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ሲከርም አየችና፣ አንድ ጠዋት እበቷን በገበቴ ይዛ መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት ዳኜ።

«ተጠቀሙበት ብሎ የለ!»

እጀታውን ተጭና ስታነሳው፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ባለ አራት ማዕዘን ኩበት ወጣ። ደርቆም አልተፈረፈረም። ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ አንዱ ብቻ አንድ ድስት ባቄላ ያበስላል። በዓመቱ ከመጭመቂያው ፊት ተራ መያዝ ተጀመረ። ከዘመሮ ድረስ እበት በአህያ ጭኖ የመጣ አለ። መምሬ ገብረ አማኑኤል መጀመሪያ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው አለፉ፤ በሳምንቱ የራሳቸውን እበት አስጭነው መጡ።

በአፈር ጡብ ግን አንድም ቤት አልተሠራም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከሚሌኒየሙ በዓል ማግሥት፣ ደብዳቤ መጣ። ዶክተሩ «ጥናቱ በኅብረተሰቡ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ለመለካት» ቅዳሜ ይደርሳል ይላል። ዳኜ አንብቦ ላብ አጠመቀው።

«የልማት መሣሪያ እበት አስበላችሁት ብሎ ሊያስጠይቀኝ ነው! እስከ ዓርብ ድረስ አንድ ባለ ማዕዘን ኩበት ደጅ ላይ እንዳላይ!»

ክረምት ገና አልወጣምና ኩበቱን ሜዳ ላይ መጣል አይቻልም። ጣሪያ ያለው፣ የሚቆለፍ ባዶ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የዶክተሩ ማሳያ ቤት። አገር ምድሩ እየተሸከመ አመጣና እስከ ጣሪያው ሞላው። ቁልፉ ኮከቤ ዘንድ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ዶክተሩ ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠየቀ፤ «ጥናታችን ምን ተጽዕኖ አሳደረባችሁ?»

መምሬ ገብረ አማኑኤል ተነሡ። «ኧረ ልጄ! ማንም ተጽዕኖ አላሳደረብንም። በነፃነት ነው የምንኖረው።»

ዳኜ ቀድሞ አጨበጨበ።

«ማለቴ፣ በጡቡ ስንት ቤት ተሠራ?»

«እየተሠራ ነው» አለ ዳኜ።

«የት?»

«በዕቅድ ደረጃ።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ኮከቤ ተቆጣ ብላ ነበር፤ ፊቱ ግን ሰብሉን በረዶ የመታበት ገበሬ ፊት ነው። «ዜሮ ብዬ ከጻፍኩ የሦስት ዓመት ልፋቴ ዜሮ ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ «እስቲ ቤቴን እንኳ ልያት» ብሎ ተነሣ።

«ቁልፉ ጠፍቷል!» አለ ዳኜ።

ኮከቤ አንጀቷ አልቻለም። «እኔ ጋ ነው» አለችና፣ ዳኜ ዓይኑን እያፈጠጠባት ሄዳ ከፈተች። በሩ ሲለቀቅ ኩበቱ ተንዶ እስከ ዶክተሩ ጉልበት ደረሰ። ዶክተሩ አንዱን አንሥቶ አገላበጠው፣ አሸተተው።

«ይሄ የኔ ጡብ አይደለም።»

«አይደለም። የኔ ነው» አለች ኮከቤ።

«እኔ እኮ እሳት የማይፈልግ ጡብ ነበር የሠራሁት!»

«እኛ ደግሞ እሳት የሚፈልገውን ሠራን።»

«ስንት ቤተሰብ በመጭመቂያው ይጠቀማል?»

«የማይጠቀመውን መቁጠር ይቀላል። ዳኜ ብቻ ነው፤ ሊቀመንበር ስለሆነ ሰው ሠርቶ ያመጣለታል።»

ዶክተሩ ኩበቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መምሬም ሰው ሲስቅ ደፈር ብለው፣ መጭመቂያው ከመጣ ወዲህ የደብሩን ጥድ ቅርንጫፍ ለማገዶ የሚሰርቅ እንደጠፋ መሰከሩ። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ሳቁን አቁሞ ብዕሩን አነሣ። ሦስት ቀን ሰነበተ። ገለባውን መዘነ፣ የሚደርቅበትን ቀን ጠየቀ፣ ሰዓቱን እያየ የኮከቤን ድስት አስፈላ። ሲሄድ ሙሉ ስሟን ጻፈ።

በሦስት ዓመቱ በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ከስሙ ቀጥሎ የኮከቤ ስም አለ።

«ዘጠኝ ሊቃውንት ጠቅሰውናል!» አላት በደስታ። «በሌላ አገር ያሉ ምሁራን በጥናታቸው ስምሽን አንሥተዋል ማለት ነው። የአንድ ጥናት ክብደት የሚለካው በዚህ ነው።»

መምሬ ተገርመው አማተቡ። «ሲጠቀስ የማውቀው ዳዊት ብቻ ነበር!»

ኮከቤ አሰበችበት። «ዘጠኝ ሰው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ሰው ስሜን ሲያነሣ፣ አንዱ እንኳ አህያውን ይዞ ኩበቱን ሊያይ አይመጣም?»

ከመጭመቂያው ፊት የቆሙት ሴቶች «ኮከቤ፣ ተራሽ ደርሷል!» ብለው ሲጣሩ ዶክተሩ ኮቱን አውልቆ የድንጋዩ አጥር ላይ ሰቀለ፤ እሷ እበቷን ስትሞላ እሱ እጀታውን ያዘላት።