የወይንሸት ባጅ ኮፒ

"መሳቢያውንም ክፈቺው" አሉ አቶ ታደሰ፣ የባንኩ የሮቢት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ወይንሸት መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳበችው። ማኅተም፣ የላስቲክ ቀለበቶች፣ የተገመሰ ብስኩት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት የእጅ ቦርሳዋን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አንዲት ማበጠሪያ ወድቃ ከረጢት አስረካቢው አበባው እግር ሥር አረፈች። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳላት ፈለገ፤ ወገቡ ግን አልታዘዘውም።

"እኔ ሌባ ነሽ አላልኩም" አሉ አቶ ታደሰ ቀና ብለው ሳያዩዋት። "የርክክብ መሣሪያዋ የምትለውን ነው የምነግርሽ። ሁለት የብር ከረጢት፣ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ ተቀባይ ወይንሸት። ካዝናው ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ነው።"

"አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ እኮ ብር የሚያመጣው መኪና ገና አልደረሰም ነበር!"

"ሰዓትሽ ዘግይቶ ይሆናል።"

"የእኔ ሰዓት ዘግይቶ የአበባው መሣሪያ አትዘገይም?"

"መሣሪያ ምን ልታገኝ ትዋሻለች፣ ልጄ?"

አበባው ግድግዳውን ተደግፎ መሣሪያዋን በሁለት እጁ ይዟል። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ የት እንደነበረ ያውቃል። ጎብዬ ነበር፣ መኪናው ውስጥ።

ብር የሚያመላልሰው ብረት ለበስ መኪና ጠዋት ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ቆቦ ይገባል። ከረጢቶቹን በየቅርንጫፉ የሚያስረክበው አበባው ነው። ከስድስተኛ ክፍል ለወጣ ልጅ ትልቅ ሥራ ነው፤ እናቱ በሰፈሩ ስታወራው አትጠግብም። ከጥቅምት ወዲህ በመዝገብ መፈረም ቀርቶ ይህችን በመዳፍ የምትያዝ መሣሪያ ሰጡት። ቀይ መብራቷን መጀመሪያ ከረጢቱ ላይ በተለጠፈው ባር ኮድ፣ ቀጥሎ በተቀባዩ ባጅ ላይ ያበራል። ሁለቴ "ቲት" ካለች ርክክቡ አለቀ።

ችግሩ የወይንሸት ባጅ ነበር። ከአንገቷ ወርዶ ደረቷ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያው ሳምንት አዳራሹ ሰው ሞልቶ ሳለ አበባው መብራቷን አነጣጠረ፤ መሣሪያዋ አላነበበችም። ጠጋ አለ፤ አላነበበችም። ጎንበስ ሲል ከወረፋው መሐል እትዬ ሸዋዬ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

"ኧረ ልጄ፣ ምን እያረግሃት ነው? ራጅ ነው እንዴ የምታነሳት? እኔንስ ወገቤን አታየኝም?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወይንሸት ራሷም ሳቀች፤ ባጁን ከአንገቷ አውልቃም "ውሰድ፣ ውጭ አንብበህ መልስልኝ" ብላ ሰጠችው። አበባው ላቡ በጀርባው እየወረደ ወጣ፤ አጠገብ ካለው ሱቅ ገባና ባጁን በአንድ ብር ኮፒ አስነሳው። አልነገራትም። ከዚያ ወዲህ ኮፒው በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይኖራል፤ የሮቢትን ከረጢቶች መኪናው ውስጥ ተቀምጦ "ያስረክባል"፤ አዳራሹ ሲደርስ አስቀምጦ መውጣት ብቻ ነው። ወይንሸት ስለ ባጁ ስትጠይቀው "አሁን ተሻሽሏል" አላት። አመነችው።

ዛሬም እንደዚያው አደረገ። ሮቢት ሲደርሱ አንዱን ከረጢት አስገባ። ለሁለተኛው ሲመለስ መኪናው ውስጥ የሮቢት ከረጢት አላየም፤ መሣሪያዋም "የሮቢት ቀሪ የለም" ትላለች። ሁለቱንም አንድ ላይ ያስገባ መሰለው። ወረቀት ስለቀረ ወይንሸትም ስንት እንደሚመጣላት አታውቅም ነበር። ቆቦ ላይ ከሾፌሩ ጋር ምሳ ሊበሉ ሲሉ ነው፣ አንድ ከረጢት ጎድሏል ተብሎ ከወልድያ ስልክ ተደውሎ ወደ ሮቢት የተመለሱት።

"አበባው! ና እስቲ አንዴ!" ሲል ሾፌሩ ካሳው ከደጅ ተጣራ።

አበባው ወጣ። የሮቢት ፀሐይ የመኪናውን ብረት እንደ ምድጃ አግላዋለች። ካሳው የኋላውን በር ገርበብ አድርጎ ጠዋት ጎብዬ ላይ የገዛውን የሽንኩርት ጆንያ ወደ ጎን ገፋ። ከሥሩ የታሸገ ከረጢት ተኝቷል።

"ተመስገን" አለ አበባው።

"ተመስገን በኋላ። ስማኝ" አለ ካሳው በሹክሹክታ። "በዚህ መኪና ሽንኩርት መጫን ክልክል እንደሆነ ታውቃለህ። አራት ልጅ አለኝ። አንተም ባጇን አስመስለህ መያዝህን ቢሰሙ ተባረህ ማታ ቤትህ ነህ። በጓሮ በር አስገባውና ከመደርደሪያው ኋላ ወርውረው። 'አገኘሁት' በል። ብሩ ተገኘ፣ ነገሩ አለቀ።"

"እሷስ፣ ጋሼ ካሳው?"

"እሷማ ምን ትሆናለች? ዝርክርክ ይሏታል። ዝርክርክ መባል አያስርም።"

አበባው ከረጢቱን ታቀፈ። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። በጓሮ በር በኩል ዞረ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ወይንሸት ዕቃዋን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዋ ስትመልስ ታየችው። ማበጠሪያዋን ከመሬት ራሷ አነሳች፤ በቀሚሷም ጠረገቻት።

"ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው?" አለች ለማንም ሳይሆን። "በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ አንዲት ቀን እንኳ..."

አቶ ታደሰ መሳቢያውን ገፍተው ዘጉት።

አበባው የጓሮውን በር እጀታ ያዘ። በሩ አልተቆለፈም። ከዚያ ለቀቀውና በመጣበት ዞሮ፣ ካሳው ዓይኑን ቢያፈጥበትም ሳያየው አልፎ፣ በዋናው በር ገባ። የከሰዓቱ ወረፋ ገና እየተሰለፈ ነበር። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከደረት ኪሱም በላስቲክ የተጠቀለለውን ኮፒ አውጥቶ ከአጠገቡ አስቀመጠ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አቶ ታደሰ።

"የእሷ ባጅ ኮፒ ነው" አለ አበባው። ከዚያ ደገመው። "የእሷ ባጅ ነው። ሳትሰማ ነው ያስነሳሁት። ጎብዬ ሆኜ ነው ተቀበለች ያልኩት። ከረጢቱ ከመኪናው አልወረደም።"

አቶ ታደሰ ከረጢቱን አሸተቱ። "ሽንኩርት ይሸታል።"

"መኪናውን በደንብ ሳላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለ። ስለ ጆንያው አልተናገረም። በር ላይ የቆመው ካሳው የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ መሬት መሬት ያያል።

ወይንሸት ላስቲኩን አንስታ ገለበጠችው። ስሟን፣ ቁጥሯን፣ የጠቆረ ፎቶዋን አየች።

"ለምን?" አለችው።

አበባው መልሱን ያውቀዋል፤ አፉ ላይ ሲያመጣው ግን ከስርቆት የባሰ ሆነበት። "አፍሬ" አለ።

"አፍረህ?" አለች። "እኔ ሌባ እስክባል አፍረህ?"

አቶ ታደሰ ኮፒውን ተቀብለው ፖስታ ውስጥ አሸጉት። "ይህ ወልድያ ይሄዳል። አንተም አብረህ" አሉ። "ከረጢቱ ግን እስካሁን ማንም አልተረከበውም።"

ወረፋው ውስጥ ያሉት አንገታቸውን አስግገዋል። አበባው መሣሪያዋን ለአዲስ ርክክብ አስተካክሎ ከረጢቱን አነበበ፤ "ቲት" አለች። ከዚያ ወደ ወይንሸት ዞሮ ቆመ።

"ባጅሽን" አለ።

ወይንሸት ባጁን አላወለቀችውም፣ በእጇም አልያዘችለትም። ክንዷን አጣጥፋ ቆመች።

"ቀረብ በል" አለችው። "ኋላ አላነበበችም እንዳትል።"

አበባው አንድ እርምጃ ቀረበ፤ በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ መብራቷን አበራ።