የሀጂ ዓሪፍ ጎማ

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ማን እንዳመጣብን አላውቅም፤ ባገኘው ግን ይህን እጄን አሳየው ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ መርሳ፣ የስፌት መኪናዬ ያለችው ሲሪንቃ ነው፤ በየቀኑ በዚያች ቀጭን ጎማ ብስክሌቴ እመላለሳለሁ። አምና ክረምት ጎማው አንሸራቶኝ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ፣ ሁለት ወር መቀስ ሳልይዝ ቤት ዋልኩ። ወጌሻው «ይህ አጥንት ዳግም ከተነካ ስፌቱን እርሳው» አለኝ። ስለዚህ ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ጎማ ልቀይር ቆረጥኩ።

አዲሱና ውዱ ጎማ ለአቅሜ አይሆንም። ወፍራሙ ከብስክሌቱ ሹካ ጋር ይፋተጋል። ወልዲያ ያለው ጎሚስታ ሞገስ ግን ያገለገለ፣ ጥርሱ ገና ያላለቀ፣ ሲጫኑት ለስለስ የሚል ጎማ ይሸጣል፤ ዋጋውም ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። እርጥብ አስፋልት የሚይዘው እንዲያ ያለው ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄስ ምን አደረግሁ? ከሀጂ ዓሪፍ ገዛሁ።

የሀጂ ሱቅ ከመርሳ መውጫ ላይ ነው፤ ሳላየው ማለፍ አልችልም። አስር ዓመት ደንበኛቸው ነኝ። አምና ስሰበር ደግፈው ወጌሻ ቤት ያደረሱኝም እሳቸው ናቸው። የሌላ ቤት ጎማ አስሬ በምን ዓይኔ በፊታቸው አልፋለሁ? ባለቤቴ ትንሳኤ «ለእጅህ ነው ወይስ ለሀጂ የምታስበው?» ብትለኝም ብሬን ይዤ ወደ ሀጂ ሱቅ ወጣሁ።

ሀጂ ከጣሪያው ሥር ሁለት ጎማ አውርደው አቧራውን በእጃቸው ጠረጉ። ስንት ክረምት እንደተሰቀለ እንጃ፤ ደርቆ ጥፍር አያስገባም፣ ጥርስ የሚባል ነገር የለውም።

«ይሆንሃል?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው።

«በጣም ጥሩ ነው ሀጂ። ዕድሜ ይስጥልኝ።»

«እንግዲያው ነፋሱን ቀነስ አድርገህ ንዳው። አላህ ይጠብቅህ።»

ሻጩ ራሱ ለአላህ አደራ ሲሰጠኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት በካፊያ፣ ሱቃቸው ጋ ስደርስ ወርጄ ሰላም ልላቸው ፍሬን ያዝኩ። ለትልቅ ሰው ብስክሌት ላይ ተቀምጦ እጅ አይነሳም፤ ይህም ሌላው ጣጣችን ነው። የፊቱ ጎማ ሸርተት አለ። የወደቅሁት በቀኝ እጄ ላይ ነው።

ሀጂ ሮጠው ደረሱ። ሲያነሱኝ ዓይኔ ከሱቁ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው የራሳቸው ብስክሌት ላይ አረፈ። ጎማው ባለ ጥርስ ነው፤ ሞገስ በሚሸጠው ሁሉ ላይ የሚቀባት ቀይ ምልክትም አለችበት። ማየቴን አዩ።

«ከወልዲያ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደንበኛዬን ሌላ ቤት ሂድ ብለው ይቀየመኛል ብዬ ነዋ። አንተስ ድንጋይ መሆኑን እያየህ ለምን ወሰድኸው?»

«ይቀየሙኛል ብዬ።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ ግን መለየት አቃተኝ። አንጓዬ እያየሁት አበጠ። ጣቶቼን ላንቀሳቅስ ሞከርኩ፤ እምቢ አሉ።

«አመመህ እንዴ አብርሃም?» አሉኝ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

«ኧረ ደህና ነኝ ሀጂ» አልኳቸው። «እርስዎ አይጨነቁ።»