የሻዕባን ጀርባ

ወንድሜ ሻዕባን ሰው ሲነካው ይስቃል። ፈገግ ይላል ማለቴ አይደለም፤ መሬት ላይ እየተንከባለለ፣ እንባው እየወረደ፣ «ስለ አላህ ተዉኝ!» እያለ ነው የሚስቀው። ጎኑን በጣት ጫፍ ነካ ካደረጋችሁት አለቀለት። እሾህ ሲወጋው ግን ጥርሱን ነክሶ ይነቅለዋል እንጂ ወይ አይልም። አላህ ሲፈጥረው ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል።

ይህ ሰው ዐፊፋን ወደደ። መውደዱስ መልካም ነበር። ችግሩ ግን ደርቡሾች ከተሸነፉ ወዲህ ከኩርሙክ ማዶ፣ ከሱዳን፣ የሚመጡ ነጋዴዎች የሰርግ ግርፋት የሚባል ልማድ ወደ አሶሳ ይዘውብን መምጣታቸው ነው። ሙሽራው የጉማሬ አለንጋ ይይዛል፤ ጎረምሶች ጀለቢያቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ይሰጡታል። ሲመታ ያልተነቃነቀ ጀግና ይባላል። የተነቃነቀ ደግሞ ሚስት ለመጠየቅ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። ለእኔ ጅልነት ነው። እኛ ሴቶች ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብለን ወርቅ ስናጥብ ስንውል፣ ወገባችን ሲቆረጥ፣ ማን እልል አለልን?

የአጎታችን ልጅ ማህጁብ ሲያገባ ሻዕባን ሊገረፍ ተነሣ። የዐፊፋ አባት ኻሚስ በሰርጉ ላይ ስለሚገኙ እሳቸው ፊት ጀግና ሊባል ነው።

«አለንጋውን እችለዋለሁ፣ ኢንዓም» አለኝ።

«እሱንማ ትችላለህ። እኔ የፈራሁት ከአለንጋው በፊት ያለውን ነው።»

ሙሽራው ከመምታቱ በፊት የአለንጋውን ጫፍ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጎ እያሳረፈ ቦታ ይለካል። ለካስ ሻዕባን ይህን ረስቶት ኖሯል።

የቅል መለከቶቹ ተነፉ። ሻዕባን ጀርባውን ሰጠ፤ ማህጁብም የአለንጋውን ጫፍ አሳረፈ። የወንድሜ ጆሮ ቀላ፣ ጉንጩ ተነፋ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። መለከቱ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ወላሂ፣ በአለንጋ ይስቃል!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ሰርገኛው በእልልታ ቀለጠ።

ማህጁብ የተናቀ መሰለውና ባለ በሌለ ኃይሉ ሞሸለቀው። ሻዕባን ድንጋይ ሆነ። እንደገና ሲለካው ሳቀ፤ ሲመታው ድንጋይ ሆነ። ሙሽራው በላብ ተጠምቆ ክንዱ እስኪዝል ድረስ እንዲህ ቀጠሉ። እኔም ከሞኝነታቸው ጋር ታርቄ እልልታዬን ማቅለጥ ጀምሬ ነበር።

ያኔ ኻሚስ ከተቀመጡበት ተነሡ። የተገረፈን ጀርባ የሰሊጥ ዘይት መቀባት የሽማግሌ ወግ ነው። ዘይቱን በጣታቸው ነክረው በቀስታ፣ በርኅራኄ፣ ወደ ወንድሜ ጀርባ ሲጠጉ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ጩኸቱን ሰማሁ። ዐይኔን ስገልጥ ሻዕባን አቧራው ላይ ይንከባለላል። «ስለ ነቢዩ፣ ጣትዎን ያንሡልኝ!» እያለ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ሳቁ ከጀግንነት እንዳልነበረ ለሰው ሁሉ ገባው። የማህጁብ ፊት በራ። «ጀግናችሁ ይሄ ነው?» አለ አንዱ። ወንድሜ አሳዘነኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠን ወደድኩ።

ኻሚስ ዘይት የነካ ጣታቸውን አዩ።

«ትልቋን ልጄን አለንጋ ሲያርፍበት ዐይኑ ለማይርገበገብ ሰው ዳርኳት» አሉ። «ጀግና ነው ብዬ ኮርቼ ነበር። የራሱ ሕመም ያልተሰማው ሰው የእሷም አልተሰማውም። ጀርባዋ ሰንበር በሰንበር ሆኖ ተመለሰችልኝ።»

ኻሚስ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደብቀው ወደ ሻዕባን ጎንበስ አሉ።

«አንተን ግን ልጄ በአንድ ጣት ትጥልሃለች። ተነሥ፣ ሰጥቼሃለሁ።»

ሻዕባን እንዲያነሡት እጁን ዘረጋ። ደፍሮ የሚነካው ጠፋ። ዐፊፋ ከሴቶቹ መሀል ወጣች፤ አባቷ እያዩ ክንዱን ያዘችው። እየሳቀ ተነሣ።