ወደ ህዋሱ ሰርጎ የገባው ጨው

በሰባ ዓመተ ምሕረት አርባ ምንጭ ውስጥ ጥርስ የሚያስወልቁ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ የድብቅ ድርጅት የሚጠረጠርበት «ህዋስ» እና «ሰርጎ ገብ»። የባዮሎጂ መምህሩ እንድሪያስ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አላቸው፣ ያውም ዓሣ ቤት ተቀምጦ።

ሚስቱ ሻሺቱ ከጫሞ የሚመጣው የደረቀ ዓሣ ለምን እንደማይበላሽ ጠይቃው ነው። እሱም የመምህር ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጨው ሲበዛ ውሃው ከህዋሱ ይወጣል፣ ጨዉም ቀስ በቀስ ወደ ህዋሱ ሰርጎ ይገባል፣ ገፊም ጎታችም የለውም አላት። ጎናቸው ጥብስ ሲግጥ የነበረው የቀበሌ ታጣቂ ካሱ እሾሁን ተፍቶ ተነሣ። ሻሺቱ ባሏን አልለቅም ብትል በሰደፍ ደረቷን አላት።

ቀበሌ ወፌ ላላ ዘቅዝቀው ሰቀሉት። ሊቀመንበሩ ዳና ጠያቂ፣ ካሱ የጉማሬ አለንጋ ያዥ። ህዋሱን ማን እንደሚመራው ሲጠየቅ ኒውክለስ አለ፤ ዳናም «ኒውክለስ የየት አገር ሰው ነው?» እያለ ውስጥ እግሩን አስተለተለው።

«ማን ነው የሚልከው?»

«ማንም አይልከውም። ከበዛበት ወዳነሰበት በራሱ ይሄዳል።»

«የት ነው የበዙት?»

ካሱ መንጋጋውን በርግጫ አለው፤ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እንድሪያስ ደም እየተፋ፣ ዙሪያውን ሽፋን አለ፣ መርጦ ያሳልፋል ብሎ አጉተመተመ። ዳና እጁን አነሣ። በጫሞ መንገድ ኬላ ቆሞ ያሻውን የሚያሳልፍ፣ ያላሻውን የሚመልስ ማን እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

«ካሱ ነው? ራስህን ነቅንቅ ብቻ፣ ቲቸር።»

አይደለም ማለት ሌላ ዙር ነው። እንድሪያስ ነቀነቀ።

እሱን አውርደው ካሱን ሰቀሉ። ካሱ ብዙም አልቆየም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ዳና። ሽፋኑ እኔ ነኝ።»

ማንን እንዳሳለፈ ቢጠይቁት ጨውን አለ። ወዲያው ሁለት ታጣቂዎች የገበያውን ጨው ነጋዴ ባድሩን ሊያመጡ ወጡ።

እንድሪያስን ደጅ ጣሉት። እዚያው ስትጠብቅ የነበረችው ሻሺቱ ልታነሣው ስትል ወደ ገበያው ወደሚያመሩት ታጣቂዎች እየጠቆመ ሊናገር ታገለ፤ መንጋጋው አልታዘዘውም።

«ዝም በል» አለችው፤ «በማርያም፣ ከእንግዲህ አንድም ነገር እንዳታስረዳ።»

እሱ ግን መቆም ቢያቅተው በጉልበቱ እየዳኸ አቧራቸውን ተከተለ።