የሳንቃ በር ንቦች ግራ እግር

ማስተዋል በሳንቃ በር ደን ከአንዲት ንብ አንድ እግር በቆረጠች ጊዜ፣ የደኑ ንቦች በሙሉ አንድ አንድ እግር አጡ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል ነበር። የጎደለው የግራው መካከለኛ እግር ነው።

ማስተዋል የንቦችን የዘር ዝምድና የምታጠና ተመራማሪ ናት። ከየቀፎው ጥቂት ንቦች ትይዛለች፤ ከእያንዳንዷ አንዲት እግር በትንሽ መቀስ ቆርጣ በአልኮል ጠርሙስ ታኖራለች። ንቧ በአምስት እግር ኑሮዋን ትቀጥላለች። ያን ዕለት ሁለተኛዋን ስትይዝ ግን የሚቆረጠው እግር ቀድሞ ጠፍቷል። የሦስተኛዋም እንዲሁ። በደኑ ካሉት አሥራ አንድ ቀፎዎች ሦስት መቶ ንብ እየያዘች አየች፤ ሁሉም ባለ አምስት እግር ናቸው። ማስታወሻዋን አውጥታ «ናሙና አንድ፤ ይበቃል» ብላ ጻፈች።

የቀፎዎቹ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩአየሁ አልተገረሙም። ደኑ ድሮ ከገደሉ ማዶ ካለው ከዋሻ ምድር ደን ጋር ይገናኝ እንደነበር፣ መሐሉ ታርሶ ስንዴ ከሆነ ሠላሳ ዓመት እንዳለፈው፣ ንብ ደግሞ አበባ የሌለበትን ያን ሁሉ ሜዳ እንደማትሻገር ነገሯት።

«እኛ እንኳ ለመጋባት ሰባት ቤት እንቆጥራለን» አሉ። «እነዚህ የሚቆጥሩት ቤት አለቀባቸው። አሁን አንድ ሆኑ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እትዬ?»

«ካምና ግንቦት ወዲህ የሞተች ንብ አላየሁም።»

ማስተዋል እርሳሷን አስቀመጠች። አንድ ከሆኑ ሞታቸውም አንድ ነው። ንብ ደግሞ ሰው ከነደፈች ትሞታለች።

የመንደሩ ኑግና ባቄላ ፍሬ የሚይዘው በእነዚሁ ንቦች ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ሰው ተሰብስቦ ማንም እንዳይነደፍ ተስማማ። ፍየሎች ታሰሩ። አራሚዎች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የጥሩአየሁ ጎረቤት ደሳለው ግን ውኃ ሊጠጣ ነጠላውን ገለጥ ሲያደርግ አንዲት ንብ ከንፈሩ ላይ አረፈችበት። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ስለ ጣሪያው ክዳን በዝግታ ስታወራው ቆየች። በኋላ ሲጠየቅ፣ መነደፉን ሳይሆን ማስነጠሱን ፈርቶ እንደነበር ተናገረ።

ማስተዋል ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ላከች። ናሙናው ስላነሰ ሌሎች እግሮች እንድትጨምር መለሱላት።

መስከረም ሲገባ ሁለቱ ሴቶች የስንዴውን ማሳ አቋርጠው፣ ገደሉን ወርደው ወደ ዋሻ ምድር ወጡ። እዚያ ቢረሳው የሚባል ንብ አርቢ አገኙ። አዲስ ንግሥቶቻቸው ከሌላ ዘር እንዲጋቡ፣ ድንጉላ ማለትም ወንድ ንብ የበዛበት አንድ ቀፎ እንዲሰጣቸው ለመኑት። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«የኔዎቹስ እንደነሱ ቢሆኑ?» አለ።

«አላውቅም» አለች ማስተዋል።

ቢረሳው ቀፎዎቹን እየዞረ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ የተሻለውን አውርዶ አፉን በጨርቅ አሰረላቸው። በሁለት እንጨት ላይ አጋድመው ተሸክመው፣ በየመታጠፊያው እያረፉ፣ በሁለት ቀን ሳንቃ በር አደረሱት።

በዚያ ወር አዲስ ንግሥቶች ይወጣሉ። ንግሥት የምትጋባው በሰማይ ላይ፣ ስትበር ነው። በአራተኛው ቀን፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አንዱ ንግሥቶች ከአሥራ አንዱ ቀፎ በአንድ ቅጽበት ወጡ፤ በእኩል ፍጥነት ወደ ላይ ተነሡ። የዋሻ ምድር ድንጉሎች ተከተሏቸው። ከዚያ ሰማዩ ባዶ ሆነ። ጥሩአየሁ የማስተዋልን እጅ ያዙ፤ መያዛቸውን ያወቁት አይመስልም ነበር።

የመጀመሪያዋ ንግሥት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ተመለሰች። ሁለተኛዋ ትንሽ ዘገየች። የመጨረሻዋ ለዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ገባች። ማስተዋል አሥራ አንድ የተለያየ ሰዓት ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ጥሩአየሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ አዳዲስ ንቦች ተፈለፈሉ። አንዳንዶቹ ጠቆር፣ አንዳንዶቹ ቢጫ ያሉ ነበሩ። ስድስት ስድስት እግር ነበራቸው። አሮጌዎቹ ቦታ እየለቀቁላቸው አብረው ሠሩ።

በጥቅምት አጋማሽ አንዲት አሮጌ ንብ የሸረሪት ድር ውስጥ ገባች። ማስተዋል በወረንጦ ልታወጣት ስትሮጥ ሸረሪቱ ቀደማት። አሮጌዎቹ በሙሉ፣ በአበባ ላይ ያሉትም በአየር ላይ ያሉትም፣ በአንድ ጊዜ ወደቁ። ድምፁ ስንዴ በቆርቆሮ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ።

አዲሶቹ ከየቀፎው አፍ ወጡ። አንዲትም አልበረረችም። በወደቁት መካከል እየተራመዱ አንድ በአንድ ነኳቸው። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ለረጅም ጊዜ፣ አንዷ የሌላዋን ፊት እየዞረች ተመለከተች። ጥሩአየሁ ነጠላቸውን አጣፉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መተያየቱን ጨረሱ፤ ያልታየ የቀረው የሁለቱ ሴቶች ፊት ብቻ ነበር። ፊታቸውን አዞሩና፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በሣሩ ላይ በእግራቸው ወደ ሁለቱ ሴቶች መምጣት ጀመሩ።